አርባ አራት ከአርባ አራት

የሻሂናዝ ሩሽዲ እንጀራ ማበላሸት ነበር። እስክንድርያ፣ ካምብ ሺዛር ሰፈር፣ ባሕሩ በሁለት ሕንፃ መካከል አንድ ስንዝር ብቻ በሚታይበት ሰገነቷ ላይ ትቀመጥና አንድ ደህና የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ ታበላሸዋለች። አንዴ ነጠላ ሰረዟን ያለቦታዋ ትሰነቅራለች፣ አንዴ ብዙ የነበሩትን ሰዎች ነጠላ ታደርጋቸዋለች፣ አንዴ ደግሞ በሦስት ቃል ያለቀውን ነገር በሰባት ታንዛዛዋለች። ደህናውና ሦስቱ ብልሽቶች ተደበላልቀው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተብለው ይሰለፋሉ። በአሜሪካው የመግቢያ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚዘጋጁ ልጆች ደግሞ አራቱን አስተያይተው ደህናውን ይመርጣሉ። ሰው ሁሉ ሲያቃና ይውላል፤ እሷ ዘጠኝ ዓመት ስታጣምም ኖረች፣ ያውም በፍቅር።

ፈተናዎቹን የምትጽፈው ለሚስተር ሸውቂ የማስጠኛ ማዕከል ነው። በዚያች ከተማ አስጠኚ ያለማዕረግ አይኖርም፤ በየግድግዳው የፊዚክሱ ነብር፣ የኬሚስትሪው ሱልጣን፣ የሒሳቡ አውሎ ነፋስ እየተባለ ፎቶው ይለጠፋል። ሚስተር ሸውቂ «የሰዋስው አዞ» ነው። ፖስተሩ ላይ ክንዱን አጣጥፎ ጥርሱን አግጥጦ ቆሟል፤ ጥርሱ ግን እውነቱን ለመናገር ለአዞ አያበቃም። ተማሪዎቹ አዞውን ያውቁታል፤ ጥያቄ የምታወጣላቸውን ሴት ግን አንድም ቀን አይተዋት አያውቁም። እሷም በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም። ሰው እንዴት እንደሚሳሳት ማወቅ ነው ነፍሷ። የሱቅ ታፔላ ላይ የተሳሳተ ፊደል ካየች፣ ሠዓሊው እጁን ምን እንዳሳተው ስታስብ ትራም ያመልጣታል።

አንድ እሑድ ረፋዱ ላይ ሚስተር ሸውቂ ራሱ ቤቷ መጣ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ መጥቶ አያውቅም። በሩን ከፈተችለት፤ እንኳን አላህ ይስጥልኝ ሊላት፣ እንዴት አደርሽም አላላት። ግብጻዊ ሰላምታ ከዘለለ ነገር አለ ማለት ነው። አንድ የፈተና ጥራዝ ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረ።

«የናርዲን ፋኽሪ ናት» አላት። «አርባ አራት ከአርባ አራት። ለሦስተኛ ጊዜ።»

«ታዲያ ይህ ምን ያስቆጣል? እንኳን ደስ አለዎት።»

«ገጽ ስምንትን ግለጪ።»

ገለጠች። ገጽ ስምንት ነጭ ነበር። የማባዣው ማሽን በዚህች አንድ ቅጂ ላይ ብቻ ምንም ሳያትም ወረቀቱን አሳልፎታል። በግራ በኩል መኖር የነበረበት ምንባብ የለም፤ በቀኝ በኩል፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ፣ የአሥራ አንድ ጥያቄ ምርጫዎች ብቻቸውን ተደርድረዋል። አሥራ አንዱም ላይ ልጅቷ ምልክት አድርጋለች። አሥራ አንዱም ልክ ናቸው።

«እጇን አላወጣችም፣ ገጽ ጎደለኝ አላለችም፣ ምንም!» አለ ሚስተር ሸውቂ። «ምንባቡን ሳታይ አሥራ አንዱንም መታቻቸው። ይህ እንዴት ይሆናል?»

ሻሂናዝ ልቧ ዘለለ፤ የዘለለው ግን በፍርሃት አልነበረም። እንዲህ ያለ እንቆቅልሽ በሯን አንኳኩቶ ከገባ ስንት ዘመኑ! «እውነትም እንዴት ይሆናል?» አለች፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙራ።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ እንዴ? መልሱ ያለበት ወረቀት በዚህ ምድር ላይ አንቺ ጋ ብቻ ነው ያለው። እኔ እንኳ የማየው ልጆቹ ካስረከቡ በኋላ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባት። ጉንጯ ጋለ። «ሸጠሻል እያሉኝ ነው፣ ሚስተር ሸውቂ?»

«አልወጣኝም። ግን የዚህችን ልጅ ፎቶ በሬ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ቁመቱ ከኔ ይበልጣል። እስከ ሐሙስ ነገሩን ካላስረዳሽኝ፣ እኔ ባልል ሰው ይላል። ስምሽ አንዴ እንዲህ ከተነሳ ደግሞ በዚህች ከተማ ወረቀት የሚያስነካሽ ማዕከል አይኖርም። እወቂው።»

ሲወጣ በሩን አልዘጋውም። ሻሂናዝም አልዘጋችውም፤ ቀድሞውኑ ጥራዙ ላይ ተደፍታ ነበር። ሻይዋ ቀዘቀዘ። ልጅቷ ምንባቦቹ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ አላሳረፈችም፤ ሌሎች ልጆች የሚያሰምሩበት፣ የሚጠይቁበት፣ አበባ የሚስሉበት ቦታ ሁሉ ንጹሕ ነው። ምርጫዎቹ አካባቢ ግን ትንንሽ ክቦች እንደ ምስር ተበትነዋል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ የመጨረሻውን ገጽ ስትገለብጥ ልጅቷ ለማዕከሉ በእንግሊዝኛ የጻፈቻት የሁለት መስመር ማስታወሻ ብቅ አለች፤ ውጤቱ ቶሎ እንዲነገራት ትለምናለች። በሁለቱ መስመር ውስጥ ሻሂናዝ አምስት ስህተት ቆጠረች። አምስቱንም ታውቃቸዋለች። ራሷ ፈተናው ውስጥ የተከለቻቸው፣ ልጅቷም አንዱን ሳትስት የለቀመቻቸው ስህተቶች ነበሩ።

ሰረቀች እንዳትል፣ ሌባ ገጽ መጉደሉን ያያል፤ አይቶም ይጠነቀቃል። ታውቃለች እንዳትል፣ ማስታወሻዋ ይኸውና። ሻሂናዝ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም ማለት ይቀላል፤ መቅመሱንስ ቀምሳለች፣ ምን እንደበላች ግን አታውቅም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ማዕከሉ ሄደች። ከበሩ በላይ የናርዲን ፊት ተሰቅሎ ይስቃል፤ ከሥሩ አርባ አራት ከአርባ አራት ተብሎ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። እውነተኛዋ ናርዲን ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ፎቶዋ በማያያት በኩል ባሕሩ ዳር ግንቡ ላይ ተቀምጣ የጉበት ሳንድዊች ትበላለች። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ወፍራም መነጽር፣ የእጇ አንጓ ላይ የተነቀሰች ትንሽ መስቀል።

«ናርዲን፣ እኔ ሻሂናዝ እባላለሁ። የፈተናችሁን ጥያቄዎች የማወጣው እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ሳንድዊቿን ከአፏ አወረደች። «በድንግል! እርስዎ ነዎት? እኔ እኮ ሽማግሌ ሰውዬ ነበር የሚመስለኝ።»

«ለምን ሽማግሌ?»

«እንጃ። አይቸኩልም። ሁልጊዜ አንድ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚነካው።» ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። «ሊቆጡኝ ነው የመጡት አይደል? ሚስተር ሸውቂ ከእሑድ ጀምሮ እንደ ኪስ አውላቂ ነው የሚያዩኝ። እኔ ምንም አልሰረቅኩም፣ ሚስ።»

«ልቆጣሽ አልመጣሁም፤ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ገጽ ስምንት ነጭ እንደነበር አላየሽም?»

«የቱ ገጽ ስምንት?»

ሻሂናዝ አየቻት። ልጅቷ አላስመሰለችም፤ በእውነት አታውቅም። ገጹ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ መጀመሪያ ወደዚያ መመልከት ያስፈልግ ነበር።

«ምንባቡን ጭራሽ አታነቢውም ማለት ነው?»

«መጀመሪያ አነብ ነበር፣ ይደክመኛል እንጂ። ከዚያ ሚስተር ሸውቂ ‹ዓረፍተ ነገሩን አትመኑት፣ ምርጫዎቹን አወዳድሩ፣ የሚለያዩበትን ቦታ ክበቡ› አሉን። ማወዳደር ደግሞ ደስ ይለኛል። ሳወዳድር ሳወዳድር አንድ ነገር አየሁ።» ናርዲን እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ደብተሯን አወጣች። «አራቱ ዘመዳሞች ናቸው፣ ሚስ። ይኸውልዎት፤ ሀ ከ ለ የሚለየው በነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው። ሐ ከ ለ የሚለየው በአንድ ቃል ብቻ። መ ከ ለ የሚለየው ስለረዘመ ብቻ። ሀን ከ ሐ ጋ ሲያስተያዩ ግን ሁለት ቦታ ይለያያሉ፤ ሐን ከ መ ጋም ሁለት ቦታ። ስለዚህ ሦስቱ እርስ በርስ ያን ያህል አይመሳሰሉም፣ ሁሉም የሚመስሉት ‹ለ›ን ነው። ልጆች እናታቸውን እንደሚመስሉት ማለት ነው። እኔ እናትየዋን እፈልጋለሁ፣ እመርጣታለሁ፣ ወደሚቀጥለው። ምን እንደምትል አላውቅም።»

ሻሂናዝ ግንቡ ላይ ቁጭ አለች። ባሕሩ ድንጋዩን ይመታል፣ ከኋላቸው ሚኒባሶቹ ይጯጯሃሉ፤ እሷ ግን የምታየው ሰገነቷን ነበር። ደህናውን መጀመሪያ ትጽፋለች። ከዚያ አንዱን ቦታ ብቻ ታበላሻለች፣ ሌላውን ሳትነካ። ሁለት ቦታ ማበላሸት ብልግና ይመስላታል፤ ልጆቹን ማደናገር ይሆናል ብላ። ዘጠኝ ዓመት በዚህ ጥንቃቄ ትኮራበት ነበር። አሁን አንዲት ልጅ ያንን ጥንቃቄ እንደ ዱካ ተከትላ እቤቷ ድረስ ገብታለች። አፈረች፤ ከእፍረቷ ሥር ግን አንድ ደስታ ነበር፣ አልደብቀውም። እናቷም፣ የቀድሞ ባሏም እንዲህ አተኩረው አይተዋት አያውቁም።

አላመነችም፤ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ እዚያው አምስት ጥያቄ ጻፈች፣ ምንባብ የሌላቸው፣ ምርጫ ብቻ። ናርዲን ሳንድዊቿን እያኘከች አምስቱንም መታቻቸው።

«ጎበዝ ነሽ» አለች ሻሂናዝ። ከልቧ ነበር።

«በእውነተኛውም ፈተና ይሠራልኛል አይደል፣ ሚስ? አምስት ሳምንት ነው የቀረኝ። የመጨረሻ ዕድሌ ነው። ከወደቅኩ ዓመቱ ሄደ።»

ሻሂናዝ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች። በእውነተኛው ፈተና ጥያቄ የሚያወጣው አንድ ሰው እንዳልሆነ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው እያየ እንዲህ ያለውን ዱካ እንደሚያጠፋው ታውቃለች። «ሐሙስ ሚስተር ሸውቂ ቢሮ ነይ» ብላት ተነሳች።

ሐሙስ ዕለት ናርዲን በአዞው ፊት አሥር አዲስ ጥያቄ ያለምንባብ ሠራች፤ አሥሩም ልክ። ሻሂናዝ ዘዴውን ከጀርባዋ ቆማ አስረዳች። ሚስተር ሸውቂ መጀመሪያ ሳቀ፣ ጠረጴዛውን መታ፣ «አንቺ ሰይጣን!» ብሎ የልጅቷን ራስ ዳበሰ። ናርዲንን ወደ ክፍሏ ከላካት በኋላ ግን ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«ስለዚህ ሌባ አይደለሽም» አለ።

«አይደለሁም።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን ዓይን ተጨፍኖ የሚታለፍ ፈተና ስትጽፊልኝ ኖረሻል።»

«አዎ» አለች። ከባዱ ቃል ይህ ነበር፤ ሌባ አይደለሁም ከማለት ይልቅ ሥራዬ ሰነፍ ነው ማለት እንዴት እንደሚቆረጥም የሞከረ ያውቀዋል። «አዲስ እጽፋለሁ። ልጆቹ ግን እንዲያውቁ ይሁን። ሌላም ሳያውቀው እንዲህ የሚሠራ ይኖራል። ውጤታቸው እውነት ላይሆን ይችላል።»

«እንዲያውቁ?» ሚስተር ሸውቂ ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ሁለት መቶ እናት የልጇን ቁጥር ለጎረቤት አውርታለች፣ ሻሂናዝ። በር ላይ የተሰቀለውን አውርጄ ምን ልስቀል? ይቅርታ? ስሚኝ። አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም፤ ስለ ሌብነትም ማንም ምንም አላለም። እኔን ሳታስፈቅጂ አንዲት ወረቀት ለአንድ ልጅ ብትሰጪ ግን፣ መልስ ስትሸጥ ይዤ አባረርኳት እላለሁ። ማንን የሚያምኑ ይመስልሻል? ፎቶውን የሚያውቁትን ወይስ መልኳን አይተው የማያውቁትን?»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ከሰቀለው ቁጥር ጋር አብሮ ተሰቅሎ ቀረ እንጂ።

ሻሂናዝ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። ዝም ብትል ስሟም ሥራዋም ይተርፍላታል፤ ይህን እያወቀች ነው ለልጅቷ አዲስ ፈተና ለመጻፍ የወሰነችው። ደግነት ብቻ ነበር የገፋፋት ብል ዋሸሁ። ልጅቷ አሳዝናታለች፣ አዎ፤ ከማዘኗ ጋር ግን አንድ ጥያቄ እንደ ጥርስ ሕመም ይዟታል፦ ይህች ልጅ እንግሊዝኛ ታውቃለች ወይስ አታውቅም? ሦስት ፈተና አርባ አራት አምጥታለች፤ ስለሷ ግን ማንም አንዳች የሚያውቀው ነገር የለም፣ ራሷም ጭምር። ሻሂናዝ እንዲህ ያለ ነገር ሳታውቅ መተኛት አትችልም።

በሦስት ቀን አዲስ ፈተና ጻፈች። በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ደህናውን መጨረሻ ላይ ጻፈችው። አንዳንዱ ላይ ስህተቱን እናት አድርጋ ከሱ ሌሎችን አስወለደችለት፤ አንዳንዱ ላይ ዝምድናውን ጭራሽ በጠሰችው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ናርዲንን ቤቷ ጠርታ ጠረጴዛው ጋ አስቀመጠቻት።

ልጅቷ መጀመሪያ ፈገግ እያለች ትከብብ ነበር። ሃያ አምስተኛው ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ። አንድ ምርጫ ደጋግማ አየች፤ እናት የመሰለችው እናት አልመስል አለቻት። ቀና ብላ ሻሂናዝን አየች፣ ሻሂናዝም አየቻት። ከዚያ ናርዲን ዓይኗን ወደ ግራው ገጽ መለሰችና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነብ ጀመር። እየተንተባተበች፣ እየተመለሰች፣ አንድ ጊዜም በሆነ ነገር ለራሷ ሳቅ እያለች። እስከ መጨረሻው አነበበች።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች ሻሂናዝ፣ አርማ ስትጨርስ።

«ከሃያ?»

«ከአርባ አራት።»

ናርዲን መነጽሯን አወለቀች። ለቅሶዋ ድምፅ አልነበረውም። «ታዲያ በር ላይ ያለችው ማን ናት?» አለች።

«እሷን አላውቃትም» አለች ሻሂናዝ፣ ወንበሯን ወደሷ አስጠግታ። «እዚህ ያለችውን ግን አሁን ትንሽ አወቅኳት። እናት እየፈለግሽ የሠራሽው ሃያ አራት ነው፤ አምስት አገኘሽ። አንብበሽ የሠራሽው ሃያ ነው፤ አሥራ አራት አገኘሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ላነበበ ሰው አሥራ አራት ብዙ ነው። ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ፣ ያንቺ ነው።»

ልጅቷን ከሸኘች በኋላ ያደረገችው ነገር ታወቃት። ወረቀቷ ከቤት ወጥታለች።

ማክሰኞ ስልኳ አልጮኸም። ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሌሎች ማዕከሎች ጋ ስትደውል አንዱ ሥራ የለም አላት፣ ሌላው ስሟን ሲሰማ ዘጋባት። አዞው ቃሉን ጠብቋል። ሻሂናዝ ኩሽና ገብታ ምንም ያልጎደለውን መደርደሪያ ስታስተካክል በሯ በኃይል ተደበደበ።

በሩ ላይ የቆመችው ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ነበረች፤ ከመድኃኒት ቤት ወጥታ በቀጥታ እንደመጣች ያስታውቃል። ዓይኗ የናርዲን ዓይን ነው።

«ሻሂናዝ የምትባይው አንቺ ነሽ? ሳውሰን እባላለሁ፣ የናርዲን እናት ነኝ» አለች ገና እያለከለከች። «ሚስተር ሸውቂ ጋ ደወልኩ። መልስ ስትሸጪ ተይዘሽ እንደተባረርሽ ነገረኝ። ለልጄ የሰጠሻትም ፈተና ቂም መወጫ ነው አለኝ። ይህንኑ ለሁሉም እናቶች ነግሯቸዋል።»

ሻሂናዝ የበሩን እጀታ ጨበጠች። ማስረዳት ትችል ነበር፤ ነጩን ገጽ፣ እናትና ልጆቹን፣ ሐሙስን። «እና አመንሽው?» ብቻ አለች።

ሳውሰን ከጋዋኗ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ሻሂናዝ የራሷን ቀይ ቁጥር አየችው።

«እኔ ሃያ ዓመት መድኃኒት ስሸጥ ስንት ሐሰተኛ ማዘዣ አይቻለሁ መሰለሽ። ሐሰተኛ ማዘዣ ሁልጊዜ ሰውዬው የሚፈልገውን መድኃኒት ነው የሚያዘው፤ ሬት የሚያዝ አይቼ አላውቅም። ልጄን አርባ አራት ያሏት እነሱ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ያልሻት አንቺ ብቻ ነሽ።» ወረቀቱን ዘረጋችው። «መልስ የሚሸጥ ሰው፣ እህቴ፣ አሥራ ዘጠኝ አይሸጥም።»

ሻሂናዝ ለመናገር አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለች ሳውሰን፣ ወደ ደረጃው እያመለከተች። «ሦስት እናቶች ከኔ ጋ መጥተዋል፤ ከታች ቆመው እያዩን ነው። የልጆቻችንን እውነተኛ ቁጥር ትንገረን ነው የሚሉት፣ ዘጠኝም ይሁን። ይውጡ?»

ሻሂናዝ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።